«ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሞልቷል፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም»

ባለፉት ሳምንታት ስለ ልጆች ጥናትና ስለ ፈተና ሰሞን ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ወደ አያቶች ልመልሳችሁ። የማጫውታችሁ የራሴን ቤት ጉዳይ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት አባቴ «የእኔን በሽታ ጋዜጣ ላይ ታወጪዋለሽ?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። በቀደም ግን ራሳቸው አነሱት። «ሌላው እንደ እኛ እንዳይሳሳት ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ተይልኝ» አሉኝ። እኔም ስማቸውን ትቼ ነገሩን ይዤ መጥቻለሁ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በጎዛምን ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው። ሰማዩ ሲጠራ ከደጃቸው ቆመው የጮቄን ተራራ ያያሉ። በአካባቢያቸው የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በሽምግልናቸውና በማስታወስ ችሎታቸው። የማን ማሳ ከማን ማሳ በየትኛው ድንጋይ እንደሚለይ፣ የትኛው ዕርቅ በማን ዋስትና እንደታሰረ፣ ማን ከማን በስንተኛው ቤት እንደሚገናኝ ሳይጽፉ ይዘውታል። ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰው «እስቲ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን» ብሎ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ እንዲሁ ለአንድ ጋብቻ ዘር ሲቆጥሩ አራተኛው ቤት ላይ ቆሙ። የገዛ አያታቸውን ወንድም ስም አጡት። ጣታቸውን እንዳጠፉ ትንሽ ዝም አሉና «ይመጣል፣ ይመጣል» አሉ። አልመጣም። ሰዎቹም አክብረዋቸው ወሬ ቀየሩ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። በልቤ «በቃ፣ አባባ አረጁ» አልኩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 62 ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ሌላም ነገር መጣ። ሌሊቱን ዓይናቸው ሳይከደን ያድርና ቀን ፀሐይ ላይ ያንቀላፋሉ። ጀርባቸውንና ክንዳቸውን እያከኩ ያቆስላሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» ብለው ይገፉታል። ከሁሉ የከበደን ጠባያቸው ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው በትንሹም በትልቁም ይቆጡ ጀመር። እናቴ «ሰውዬው ተለወጡብኝ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ዕድሜ ነው አልኩ። ታናሽ ወንድሜ «የአጎታችን ሞት ነው የጎዳቸው» አለ። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» አለ። ኩላሊት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ ቤት «ኩላሊቴን አመመኝ» ማለት ጎኔን ወጋኝ ማለት ነው። አባቴን ደግሞ ጎናቸውን ወግቷቸው አያውቅም።

እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ሲላቸው፣ ትንፋሽም ሲያጥራቸው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። የደም ግፊታቸውን የለካችው ልጅ ያየችውን ስላላመነች ደግማ ለካች። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ ለማቆም ጥቂት ቀርቷቸዋል ተባልን። ሐኪሙ «ደም ብዛት ካለባቸው ስንት ዓመት ሆናቸው?» ብሎ ጠየቀን። ተለክተው ስለማያውቁ መልስ አልነበረንም። ለጉልበታቸው ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዛን ለዓመታት የሰጠናቸውን ዲክሎፌናክ ስንነግረው ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። በዓለም ዙሪያ ኩላሊትን ከሚያደክሙት ሕመሞች ዋነኞቹ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በዚያ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ሦስቱም ድምፅ ሳያሰሙ ነው ሥራቸውን የሚሠሩት።

እጥበት ለመጀመር ባሕር ዳር፣ ታናሽ ወንድሜ ቤት ገቡ። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 265 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። እዚያ ያገኘናት ሐኪም ነገሩን ለእናቴ በጠላ አስረዳቻት።

«እማማ፣ ጠላ ሲጠለል አተላው የት ይሄዳል?»

«ይደፋል እንጂ፤ ለከብት ይሰጣል።»

«የእሳቸው አተላ አልተደፋም። ከደማቸው ጋር እየዞረ ነው።»

እናቴ ወዲያው ገባት። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አንድ ተኩል ሊትር ገደማውን በሽንት አስወጥተው የቀረውን ወደ ደም ይመልሱታል። አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ደም እንዲሠራ የሚያዝዘውንም ንጥረ ነገር የሚያመነጩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ሲደክሙ ቆሻሻው ይጠራቀማል፣ ውሃና ጨው ይከማቻል፣ ደም ያንሳል። ማሳከኩ፣ ድካሙ፣ የአፍ መምረሩ፣ የእንቅልፍ መዛባቱ ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

እኔ ግን ልቤ ውስጥ የቀረ ጥያቄ ነበረኝና «የመርሳታቸውስ ነገር?» አልኳት። «እሱም ከዚያው ነው» አለችኝ። በደም የሚዞረው ቆሻሻ አንጎልንም አይምርም። የደም ማነስና የእንቅልፍ እጦት ሐሳብን ይበትናሉ። ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረው ደም ብዛት ደግሞ የኩላሊትን ብቻ ሳይሆን የአንጎልንም ትናንሽ የደም ሥሮች ይጎዳል። ቁጣቸውም እንዲሁ ነው። እኛ ጠባይ ያልነው ሕመም ነበር።

ይህን ዓለም ያወቀው በአስደናቂ መንገድ ነው። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ለቋሊማ ማሸጊያ የሚያገለግለውን ስስ ሽፋን በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠቅልሎ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አልተረፉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ግን ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ራሳቸውን የሳቱ የ67 ዓመት ሴት አመጡለት። 11 ሰዓት ያህል ከታጠቡ በኋላ ነቁና መናገር ጀመሩ። ደም ሲጠራ አእምሮም ተመለሰ ማለት ነው። እኛ ይህን ታሪክ በገዛ ቤታችን እንደምናየው ያን ጊዜ አላወቅንም።

አባቴ ማክሰኞና ዓርብ ይታጠባሉ። በብዙው ዓለም የተለመደው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው። እኛ የቻልነው ሁለቱን ነው፤ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የሚችለውም ይህንኑ ነው። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን እጥበት ብቻ ከ100 ሊትር በላይ እጅግ የተጣራ ውሃና የማይቋረጥ መብራት ስለሚፈልግ አገልግሎቱ በየከተማው እንደልብ አይገኝም። በክንዳቸው ላይ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አገናኝተውላቸዋል፤ ፊስቱላ ይሉታል። እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል፣ ጆሮ ሲደገንበት እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። የአሥር ዓመቷ ልጄ ገና ሲያገኟት ክንዳቸው ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች። እሳቸውም «ጆሮ ጠቢዬ መጣች» ይሏታል።

ከሁሉ የከበዳቸው ጥማቱ ነው። ሽንታቸው ጥቂት ስለሆነ የሚጠጡት ሁሉ እስከሚቀጥለው እጥበት ሰውነታቸው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲበዛ ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል። ሾርባውም፣ አጥሚቱም፣ ቡናውም ከውሃ ይቆጠራል። ቆይተን የተማርነው ነገር ቢኖር ጥማትን የሚያስነሳው ጨው መሆኑን ነው። እናቴ በርበሬውንና ሽሮውን ያለ ጨው ለብቻ አዘጋጀች፤ ጥማቱ በሳምንታት ውስጥ ቀለለላቸው። የደጋ ሰው ያለ ድንች አይሆንለትም፤ ድንች ግን ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፤ እሱ ደግሞ በደም ውስጥ ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ተልጦ፣ በስሱ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ከዚያም ጥቂት ይቀርብላቸዋል። ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶም «ለሕመምተኛ ጥሩ ነው» ተብለው ከጠያቂ እጅ ይመጣሉ፤ ለእሳቸው ግን እነዚህም በልክ ናቸው።

ጸበሉ አስቸግሮን ነበር። «ጸበል ይለካል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። እኔ ስከራከር ነገሩ ባሰ። በመጨረሻ የነገሩን ቁልፍ የያዙት የንስሐ አባታቸው ሆኑ። «ጠብታዋም ጸበል ናት፤ ይረጩ፣ ከንፈርዎን ያስነኩ፤ ሐኪምዎን ያዳምጡ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ክርክር አልተነሳም። ሰው የሚሰማው ከሚያከብረው አፍ ሲነገረው ነው።

በእጥበቱ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው፣ የታላቅ እህቴ ልጅ ክርስትና ሊነሣ ሆነና ለሁለት ቀን አገር ቤት ገቡ። ዓርብ ታጥበው ቅዳሜ መጡ፤ ሰኞ ሊመለሱ ነበር። አገሩ ሰላም ባጣበት ሰሞን ነበርና እሑድ ማታ መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ማክሰኞ አለፈ። ዓርብም አለፈ። ደብረ ማርቆስ ባለው ሕክምና በመድኃኒት ለማቆየት ተሞከረ፤ የመጠጡንም የምግቡንም ልክ አጠበቅን። እሳቸው ግን በየቀኑ ከእኛ እየራቁ ሄዱ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ቀኑን ሳቱ። በአሥረኛው ቀን ልጄ እንደ ልማዷ ክንዳቸው ላይ ጆሮዋን ስትለጥፍ እጃቸውን ነጥቀው «ይህች የማን ናት?» አሉ። ከዚያም ገና በልጅነቷ በሞተች እህታቸው ስም ጠሯት። ልጄ ወደ ጓዳ ሮጣ ገብታ አለቀሰች። ተከትያት ገባሁና እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

መንገዱ በተከፈተ ሰዓት ይዘናቸው ሄድን። የመጀመሪያው እጥበት አጭርና ቀስ ያለ ነበር፤ እንዲያ በተጠራቀመበት ሰውነት ላይ ድንገት ቢያጥቡት ራሱ አንጎልን ይጎዳል አሉን። በማግስቱ ደገሙላቸው። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጠዋት ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። «አባባ ሊያናግሩሽ ነው» አለኝ። ስልኩን ተቀብለው «ያቺ ጆሮ ጠቢ ደህና ናት? ምን አድርጌያት ነው ያኮረፈችኝ?» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ወር እንኳ ሳይሞላ ወንድሜ «አባባ ዛሬ አልሄድም ብለው ተኝተዋል» አለኝ። ያን ማክሰኞ አልታጠቡም። በበነጋታው ባሕር ዳር ደረስኩ። ግቢው ውስጥ አጎዛ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይብቃኝ ብዬ ነው።»

«እንዴት ይበቃዎታል?»

«ባህር ዛፉ አለቀ። በሬዎቹ ተሸጡ። መሬቱን ሌላ ሰው እያረሰው ነው። እኔ እዚህ ታስሬ እበላለሁ። ከዚህ ወዲያ የልጅ ልጆቼን ጉሮሮ አልዘጋም።»

ተቆጣሁ። እግዚአብሔር ያዝንብዎታል አልኩ። እኛን አይወዱንም ማለት ነው አልኩ። አለቀስኩም። እሳቸው ዝም ብለው መሬት ይቆረቁራሉ። እኔ የምችለውን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ አንድም ነገር አልተለወጠም።

ሐሙስ ብቻዬን ወደ ሕክምናው ሄድኩና እጥበት ክፍል ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነገርኳት። አልተደነቀችም። ብዙዎቹ እንዲህ የሚሉበት ወቅት እንዳለ ነገረችኝ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉም እጥበት ላይ ካሉ ሰዎች ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ በሕክምና የሚለይ የመንፈስ ጭንቀት አለበት። «አይከራከሯቸው፤ ከሁሉ የከበደዎት የትኛው ነው ብለው ብቻ ይጠይቋቸው። ከዚያ ዝም ይበሉ» አለችኝ።

ማታ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠየቅኳቸው። መርፌው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ወይም ጥማቱ፣ ወይም ገንዘቡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሞልቷል። የሚጠይቀኝ ግን የለም።»

ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። እውነታቸውን ነበር። ሙዝ ይዞ «እግዜር ይማርዎ» የሚል ሞልቷል። ነገር ይዞ «ይህ እንዴት ይፈታል?» የሚል ግን ከታመሙ ወዲህ አንድም ሰው የለም። እኛም ብንሆን መሬቱን ያከራየነው፣ በሬዎቹን የሸጥነው እሳቸውን «እንዳናስጨንቅ» ብለን ሳናማክራቸው ነበር። በሽታው ካደከማቸው በላይ እኛ ከቤታቸው አባወራነት አውርደናቸው ነበር።

በዚያው ሌሊት ለጎዛምን ዘመዶቻችን ደወልኩ። ሁለት የአጎት ልጆች በአንድ የማሳ ድንበር ተጣልተው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ እንዳልተፈታ ሰምቼ ነበር። «ለምን አባባን አትጠይቋቸውም?» አልኳቸው። «በዚህ ሕመማቸው?» አሉኝ። «በዚህ ሕመማቸው» አልኩ።

ለአባቴ ዘመዶቹ ነገር ይዘው ቅዳሜ ጠዋት እንደሚደውሉላቸው ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ነገ ልታጠብ፤ በደከመ ራስ ነገር አይሰማም» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ መሐል ላይ ተቀመጠ። ሁለቱንም በየተራ አስጨርሰው ሰሙ። ከዚያም ከወይራው ሥር ስላለችው ድንጋይ፣ ማን እንደተከላት፣ ማን ቆሞ እንዳየ ነገሯቸው። ነገሩ በዚያ ቀን አልተፈታም፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። እናቴ ግን በሁለተኛው ቅዳሜ «ሰውዬው መጡልኝ» አለች።

ቀኑን ቅዳሜ ያደረግነው በልምድ ነው። አባቴ የታጠቡ ዕለት ድካም ይጥላቸዋል፤ ማሽኑ ላይ ሳሉ የተነገራቸውን ነገር ማታ አያስታውሱትም። በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው ንጹሕ ነው። ሐኪሟን ብጠይቃት ይህ በሕክምናውም የታወቀ ነው አለችኝ። በአንድ ወቅት የመድኃኒት ለውጥ ማሽን ላይ ሳሉ ለእሳቸው ብቻ ተነግሯቸው፣ እኛ ሳናውቅ አሮጌውንም አዲሱንም አብረን ስንሰጥ ሰንብተናል። አሁን ማንኛውም ትእዛዝ በወረቀት ተጽፎ ለወንድሜም ካልተነገረ አንቀበልም። ከባድ ወሬ፣ የገንዘብ ምክር፣ የነገር ስሚ ሁሉ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሁሉም ነገር ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም። አራተኛው ቤት አሁንም ይጠፋቸዋል። በሽታው ሳይታወቅ የቆየባቸው ዓመታት ያበላሹት ነገር አለ። ስለዚህ ልጄ ደብተር ገዝታ የሚነግሯትን የዘር ሐረግና የማሳ ድንበር በስልክ እየተቀበለች ትጽፋለች። ስም ሲጠፋባቸው «ጆሮ ጠቢ፣ አራተኛውን አንብቢልኝ» ይላሉ። ማስታወሻ መያዝን እንደ ውርደት አላዩትም፤ ጸሐፊ እንደቀጠሩ ነው የሚቆጥሩት።

ወንድሜ ኩላሊቱን ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተጀምሮ ከቅርብ ዘመድ በተገኘ ኩላሊት የብዙዎችን ሕይወት ቀይሯል። አባቴ «የልጄን ገላ አላስቀድድም» ብለው እምቢ አሉ። ወንድሜ ግን ሳይነግራቸው ምርመራውን ጀመረ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው 34 ነው፤ ምንም አያመውም ነበር። ለአባቱ መስጠት አልቻለም፤ የራሱን ኩላሊት ግን ሳይመሽ ሊያድን ቻለ። ከዚያ በኋላ እኔም ተለካሁ፣ እህቴም ተለካች። የአባት ሕመም የልጅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ እናቴም አንድ ነገር ልበል። ለረጅም ጊዜ እሳቸው እየተጠሙ እኔ አልጠጣም ብላ ውሃ ስትቀንስ ኖራ ራሷን እያዞራት ወደቀች። ቡናዋንም ትታ ነበር። አስታማሚ ሲታመም ቤቱ ሁለት በሽተኛ ይኖረዋል። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ወንድሜ ይቀመጥና እሷ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ጎረቤት ቡና ጠጥታ ትመጣለች። አባቴም «ሂጂ፣ እኔም ካንቺ ልረፍ» ብለው ያስቋታል።

እንግዲህ ወላጅ ወይም አያት ያላችሁ፣ ወይም እናንተው አያት የሆናችሁ፣ ከእኛ ስሕተት ይህን ውሰዱ። በዕድሜ የገፋ ሰው ድንገት መርሳት፣ መቆጣት፣ ቀን ማንቀላፋት፣ ምግብ መጥላትና ማሳከክ ሲያበዛ «አረጀ» ብላችሁ አትለፉት። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሽንትና ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግለት። ለጉልበትና ለወገብ ማስታገሻ በራሳችሁ አትግዙ። እጥበት የጀመረ ሰው ቤት ካለ ደግሞ ፊስቱላ ያለበት ክንድ ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም፣ ሸክም አይንጠለጠልበትም። ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ድንገተኛ መዘባረቅ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ መዛል፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ትኩሳትም ለነገ አይባልም። ጉዞ ስታስቡም በሁለት እጥበት መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት ከሁሉ አደገኛው መሆኑን አትርሱ። እኛ በዚያ ክፍተት ላይ መንገድ ተደርቦብን ሰውን ልናጣ ነበር።

«ይብቃኝ» ካለም አትደንግጡ፣ አትቆጡም። ጭንቀት ሕክምና አለውና ለሐኪሙ ንገሩ፤ አባቴም ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒት ወስደዋል፣ እንቅልፋቸውም ተስተካክሏል። ከመድኃኒቱ ጋር ግን አንድ ሥራ ስጡት። የሚፈርድበት፣ የሚመክርበት፣ የሚቆጥርበት ነገር ይኑረው። የቤቱን ገንዘብ ምክርም አትደብቁት፤ የሚያወጣው እሱ ባይሆንም የሚያወጡት ስለ እሱ ነው።

ገንዘቡ አሁንም አልተፈታልንም። ዘንድሮ ያቆጠቆጠው ባህር ዛፍ ለመቆረጥ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ልዩነቱ አሁን ሒሳቡን የሚይዙት እሳቸው መሆናቸው ነው። እጥበቱንም በሳምንት ወይም በወር አይቆጥሩትም፤ በበዓል ነው። ያን ጊዜ «እስቲ እስከ መስቀል ልታጠብ» አሉ። መስቀል ሲደርስ «ጥምቀት ሳይወርድ ምን ያስቸኩላል?» አሉ። በቀደም ስደውልላቸው ስንት ድረስ እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። «የጆሮ ጠቢ ደብተር አላለቀም» አሉኝ፤ «እስከ ፋሲካ ይሁን።»

ሳምንት እስክንገናኝ፣ ሊጠይቃችሁ የሚመጣም፣ የሚጠይቃችሁም አያሳጣችሁ። ቸር ሰንብቱ።